ወንዝ ዳር ሁለት ድስት

ኩኒኮ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ብድግ አለች። ግንባሯን በመዳፏ ከልላ ወደ ጎርፍ መከላከያው ካብ አናት አየች። በካቡ ላይ በሚያልፈው መንገድ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጃገረዶችና ውሻ የሚጎትት ሽማግሌ ያልፋሉ እንጂ ልጇ አልነበረም። ተመልሳ ተቀመጠችና ጭልፋውን አንስታ፣ መማሰል የማያስፈልገውን ድስት አማሰለች።

«አንቺ ብትረጋጊ ድስቱም በረጋ» አሉ ጋሽ ቶኩጂ።

ጋሽ ቶኩጂ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ይህን ቦታ ለመያዝ ጎሕ ሳይቀድ መጥተው፣ ሰማያዊውን ሸራ አንጥፈው፣ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጭነውበት፣ መሐሉ ላይ ተጋድመው ነበር የጠበቁት። ቀድሞ ያልመጣ ሰው ከድልድዩ በታች ያለውን ጥላ አያገኝም።

መስከረም ገብቶ ሙቀቱ ሲበርድ፣ አዲሱም ጎደሬ ከመሬት ሲወጣ፣ በጃፓኗ ያማጋታ ውስጥ እሑድ እሑድ ቤቱ የሚበላ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዘመድ ከዘመዱ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ሆኖ ድስት ተሸክሞ ወደ ማሚጋሳኪ ወንዝ ይወርዳል። ጉልቻ ይጎልታል፣ እሳት ያነዳል፣ ጎደሬውን ከበሬ ሥጋና ከባሮ ሽንኩርት ጋር ቀቅሎ፣ ሾርባውን ፉት እያለ እስኪመሽ ይጫወታል። የዛሬዋ እሑድም እንደዚያው ነበረች። ከላይ እስከ ታች ወንዙ ዳር ጭስ በጭስ ሆኗል፤ ሸራው ሁሉ ሰማያዊ፣ ድስቱ ሁሉ ጥቁር ነው።

ኩኒኮ ግን የመጣችው ለጨዋታ አልነበረም። ልጇ ሹሄይ በትልቁ ከተማ የነበረውን ሥራ ትቶ ከተመለሰ ወዲህ ከሰው ጋር ማዕድ ቀርቦ አያውቅም። ምን እንደደረሰበት አልተናገረም፤ ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሰሞን ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አብራው ለመብላት ሞክራ ነበር። «ጣፈጠህ? አነሰህ? ለምን ተውከው?» ስትለው መብሊያ እንጨቶቹን አስቀምጦ ተነሣ። ጨው በዝቶበት ይሆናል ብላ ጨው ቀነሰች። በማግስቱም ተነሣ። ሥጋውን በዓሣ ለወጠች፣ ዓሣውን በእንቁላል ለወጠች። በመጨረሻ ምግቡን በትሪ አድርጋ በሩ ሥር ማስቀመጥ ጀመረች። እሷ ስትርቅ በሩን ከፍቶ ያስገባል። ባዶ ሳህን ሲወጣ ታያለች፤ ልጇ ሲበላ ካየች ግን ብዙ ሰነበተች።

ትናንት አፏን ወደ በሩ አስጠግታ፣ ወንዝ እንደሚወርዱ፣ ከእሷና ከታላቅ እህቱ ከማዩሚ፣ ከጋሽ ቶኩጂም ሌላ ሰው እንደማይኖር፣ ከድልድዩ በታች ሰማያዊ ሸራ አንጥፈው እንደሚጠብቁት ነገረችው።  ኋላ ከውስጥ፣ «ከሆነልኝ እመጣለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ለኩኒኮ ይህ ከመሐላ በላይ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች አብረን እንውረድ ቢሏት ወገቤን አሞኛል ብላ ዋሸቻቸው፤ አሁን አንዷ ወገቧን ያመማትን ሴትዮ እዚህ ብታገኛትስ ብላ ትሳቀቃለች። ጎደሬውንም ትናንት በጥድፊያ እርጥቡን ስለላጠችው እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ ያሳክካታል።

«እማዬ፣ ባሮውን ልክተተው?» አለች ማዩሚ።

«ይቆይ።»

ባሮ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ገብቶ ወዲያው ካልተበላ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ኩኒኮ ሹሄይ ሳይመጣ አይገባም ብላ ነበር።

«ሥጋው እኮ ጫማ ሆነ።»

«ይቆይ አልኩሽ።»

ጋሽ ቶኩጂ ለአንድ ሳህን ሾርባ ከዶሮ ጋር ተነሥተው፣ እኩለ ቀን ላይ በረሃብ ሊሞቱ መሆኑን ለወንዙ ነገሩት። ቀጥለው አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አቀኑ። ከእነሱ ሁለት ሸራ ወዲያ፣ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ትልቅ ድስት ከበው ይንጫጫሉ።

«ይሸታችኋል? ሾናዮች ናቸው። አሳማ በድልህ።»

ሾናይ ከተራራው ማዶ ያለው የባሕር ጠረፍ ነው። እዚያ ጎደሬ የሚበስለው ከአሳማ ሥጋ ጋር፣ ሚሶ በሚሉት የአኩሪ አተር ድልህ ነው። የወዲህኛው ወገን ሰው አሳማውንም ሚሶውንም በሌላ ቀን ሳይጠየፍ ይበላል፤ በመስከረም ድስት ውስጥ ግን አይታሰብም። «እሱ የጎደሬ ሾርባ አይደለም፣ የአሳማ ሾርባ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ያኛው ወገንም ስለዚህኛው የሚለው አያጣም።

«በኛ ወንዝ፣ በኛ ጎደሬ» አሉ ጋሽ ቶኩጂ። «ፖሊስ የለም እንዴ በዚህ አገር?»

ቀድማ ያየችው ማዩሚ ናት። እናቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት።

ሹሄይ ካቡ አናት ላይ ቆሟል። በዚያ ፀሐይ ኮፍያ ያለው ጥቁር ሹራብ ለብሷል፣ አፉን በማስክ ሸፍኗል፣ ፀጉሩ ትከሻው ደርሷል። ኩኒኮ እጇን ልታነሣ ብላ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ቢያየውስ ብላ መለሰችው። እሱ ብዙ ቆመ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ልቧ ከእሱ እግር ጋር አንድ አንድ ደረጃ አብሮ ወረደ።

ግን እነሱ ዘንድ አልደረሰም። ሾናዮቹ ጋ ሲደርስ አንድ ትከሻ ሰፊ፣ ፎጣ በራሱ ላይ የጠመጠመ ሰው ብድግ ብሎ ጠራው። ምን እንዳለው ከሩቅ አልተሰማም። እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ሁለት ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ፣ አንዲት ወፍራም ሴት ሳህን አስያዘችው። ሹሄይ ተቀመጠ።



ማዩሚ ወንድሟ ተሳስቶ ነው፣ መነጽሩን ሳያደርግ ወጥቶ ነው ብላ ልትጠራው ተነሣች። ኩኒኮ እጅጌዋን ያዘቻት። ከዚህ ብትጠራው አሥሩም ሰው ያየዋል፤ አሥር ሰው ካየው ሮጦ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ «ከሆነልኝ» የሚለው ድምፅ እንኳ ከበሩ ጀርባ አይመጣም። ዝም ብትለው ደግሞ እነዚያ ሰዎች የሚጠይቁት ነገር ያስፈራታል። ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ትሠራለህ ብሎ ነው። እሷም ራሷ ያንኑ ነው የምትጠይቀው።

«ተዪው» አሉ ጋሽ ቶኩጂ። «መጥቷል። ከቤት ወጥቶ እዚህ ደርሷል። ሁለት ሸራ ምን አላት?»

ሹሄይ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ፊቱን ለእንፋሎቱ ሰጠ። ከዚያ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ። መጀመሪያ ሾርባውን ፉት አለ፣ ቀጥሎ ጎደሬውን ጎረሰ። ሲያኝክ ጆሮው ሥር ያለው አጥንት ይንቀሳቀሳል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ኩኒኮ ከዚያ ሁሉ ርቀት ያንን አጥንት ታየዋለች። ደስም አላት፣ ቅናትም ያዛት። ሳህኑን ያስያዘችውን ሴትዮ ልታቅፋትም ፀጉሯን ልትነጭላትም ፈለገች።

«አሳማ እየበላ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ዝሆንም ቢያበሉት ይብላ» አሉ ጋሽ ቶኩጂ።

እዚያ ማንም ሹሄይን ልብ ያለው አይመስልም። አንዱ እጁን እያወናጨፈ ተረት ይሁን ሐሜት ያወራል፣ ሴትዮዋ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ ፎጣ የጠመጠመው ሰው ለሁሉም ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ይቀዳል። ሹሄይ ሳህኑን ጨረሰ፤ ከአጠገቡ የነበረውን ማገዶ ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ፤ ሌላ ሳህን ተቀበለ። ኩኒኮ የያዘችው ጭልፋ ጫፉ ቀሚሷ ላይ መንጠባጠቡን አላወቀችም።

ሁለተኛው ሳህን ሊጋመስ ሲል ነው ሌላው ሰው የመጣው። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የኬክ ሳጥን የያዘ ወጣት ነው። ሾናዮቹ ፊት ቆሞ ወገቡን አጠፈ፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ እንደገና አጠፈ። ወሬው ቀጥ አለ። የአሥሩም ሰው ራስ ከወጣቱ ወደ ሹሄይ ዞረ። ሹሄይ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ።

አሁን ኩኒኮን የሚይዛት አልተገኘም። በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተች ሄደች። ስትሄድ የምትለውን ታሰናዳ ነበር፤ ልጄ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ ጤናው እንዲህ ነው። ይህን ለሐኪሙም ለጎረቤቱም እየደጋገመች ስላለችው አፏ ራሱ ይለዋል። ወገቧ ገና ሳትደርስ መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

«ቆይ ቆይ» ይላል ፎጣ የጠመጠመው ሰው። የአንድ እንጨት ሥራ ድርጅት ኃላፊ ነው፤ ሰዎቹ አቶ ሆንማ ነው የሚሉት። «ሰኞ የሚጀምረው አዲሱ ሠራተኛችን ይሄ ከሆነ፣ አንተ ማነህ ታዲያ?»

አልተቆጣም፤ ድምፁ ግን እስከ ድልድዩ ይሰማል። የሹሄይ አንገት ቀላ። ማስኩን መልሶ አፉ ላይ አድርጎታል። ኩኒኮ ከኋላው ደርሳ አፏን ከፈተች። እሱ ግን አላያትም ነበርና ቀደማት።

«ማንም አይደለሁም» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ማለቴ፣ ሹሄይ እባላለሁ። ሥራ የለኝም። ሲጠሩኝ መጣሁ። ሁለት ሳህን በልቻለሁ። ይቅርታ» ብሎ ወገቡን ጥልቅ አድርጎ አጠፈ።



«ሦስት ነው» አለች ወፍራሟ ሴትዮ። «ፊቱን ዞር ሲያደርግ ጨምሬለታለሁ፤ አላወቀም።»

አቶ ሆንማ ፎጣው ከራሱ እስኪወድቅ ሳቀ። የሚጠብቀውን ሰው ሳይለይ እንግዳ ጎትቶ ያስቀመጠው ራሱ መሆኑን፣ ሚስቴም ለዚህ ነው ብቻዬን ገበያ የማትልከኝ ብሎ ለሁሉም ተናዘዘ። ከዚያ ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን ወጣት፣ «ና አንተ፣ ቦታህን አሙቆልሃል» ብሎ አስቀመጠው። ዞር ሲል ወገቧን ያጠፈችውን ኩኒኮን አየ።

«እርስዎስ ደግሞ ማን ነዎት?»

«እናቱ ነኝ።»

ሹሄይ ዞረ። ኩኒኮ ያሰናዳችው ይቅርታ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። አቶ ሆንማ ግን ጊዜ አልሰጣትም።

«ልጅዎ አፉ ያውቃል እናታለም። ያንን የናንተን የበሬ እጣቢ ትቶ ወደኛ መጣ።»

ኩኒኮ ቀና አለች። ይቅርታው የት እንደገባ አታውቅም።

«ጎደሬን በድልህ አንቀው የሚገድሉት» አለች። «የኛን ስላልቀመሱት ነው።»

ሾናዮቹ አጨበጨቡላት። ሴትዮዋ አንድ ሳህን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልታ ለሹሄይ አስያዘችው፤ ለእናትህ ስጣት፣ ቀምሳ ትስደበን አለችው።

ኩኒኮ ከፊት፣ ሹሄይ ሾርባው እንዳይፈስ በዝግታ እየረገጠ ከኋላ ሆነው ተመለሱ። ግማሽ መንገድ ላይ ድምፁን ሰማች።

«እማዬ፣ ተሳስቼ አይደለም።»

ቆመች። ሳትዞር ቆመች።

«ከላይ ሆኜ አይቼሽ ነበር። እጅሽን ግንባርሽ ላይ አድርገሽ ቆመሽ ነበር። ልመጣ ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ። ሰውዬው ሲጠራኝ… ቀለለኝ።»

ለምን ልትለው ፈለገች። አላላትም፤ እሱ ራሱ ቀጠለ።

«ስበላ ታዪኛለሽ። እያንዳንዷን ጉርሻ። ነገ እንደምሞት አድርገሽ ነው የምታዪኝ። እነሱ አላዩኝም። እሱ ነው የጣመኝ እንጂ… አሳማውማ እንደ ነገሩ ነው።»

በኩኒኮ አፍ ውስጥ ብዙ ቃል ተሰልፎ ነበር። ስለምጨነቅ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ በሩ ሥር ያለውን ብርሃን እያየሁ ነው የማነጋው፣ እናት ልጇን ካላየች ማንን ታያለች። አንድ በአንድ ዋጠችው። እንደ ትኩስ ጎደሬ ደረቷ ላይ አቃጥሎ ወረደ።

«ገባኝ» አለች። የገባት ግማሹ ነበር።

ጋሽ ቶኩጂ ሹሄይን ሲያዩት እንኳን መጣህ አላሉትም፣ ደህና ነህ ወይ አላሉትም። ሳህኑን ከእጁ ተቀብለው አሸተቱ። «የአሳማ ሾርባ» አሉ በንቀት። አንድ ፉት አሉ። እንደገና ፉት አሉ። ኩኒኮ ትቅመሰው ሲባል ሳህኑ ባዶውን ቀርቷል፤ ጋሽ ቶኩጂ ጢማቸውን እየጠረጉ፣ የማይረባ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ መጨረሻው መጠጣት ግዴታ ነበር አሉ።

ማዩሚ በመጨረሻ ባሮውን ከተተች። ለሾናዮቹም በዚያው ሳህናቸው የበሬውን ሾርባ ሞልታ ወሰደችላቸው፤ አቶ ሆንማ ቀምሶ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲያማርር ከሩቅ ታየ። ሹሄይ ሸራው ጠርዝ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። እግሮቹን አጥፎ ጉልበቱን አቀፈ። ከተመለሰ ወዲህ ከእሱ ጋር አንድ ሸራ ላይ ሲቀመጡ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው።

ማዩሚ ለእሱም ሳህን ሞልታ ከጎኑ አስቀመጠች። ሹሄይ አልነካውም።

ኩኒኮ የሳህኑን እንፋሎት አየች። ቀጥሎ የልጇን እጅ አየች፣ ቀጥሎ አፉን ልታይ ስትል ራሷን ያዘች። የተቀመጠችበትን ትራስ አንስታ አዞረችው። ጀርባዋን ለድስቱ፣ ፊቷን ለወንዙ ሰጥታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ማዩሚ።

«ውሃውን ልይ ነው።»

ውሃው ጎድሏል፤ ድንጋዩ ከመሐል እየወጣ ነጭ ጀርባውን ፀሐይ ያሞቃል። ማዶ ያለው ረዥም ሣር ራሱ ነጥቶ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ኩኒኮ ይህን ሁሉ አየች፤ ግን ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ እዚያ አልነበረም። ትንፋሽ ይዞ ውሃ ውስጥ እንደመቆየት ከበዳት። ጨው አነሰው ወይ የሚለው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። በጥርሷ ያዘችው።

ከኋላዋ ጋሽ ቶኩጂ የራሳቸውን ሾርባ ድምፅ እያሰሙ ጠጡ። ማዩሚ ስለ መሥሪያ ቤቷ አንዳንድ ነገር አወራች። ጋሽ ቶኩጂ መለሱ፣ ዘገዩ፣ መልሳቸው እያጠረ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ማንኮራፋት ጀመሩ። ከሹሄይ ወገን ምንም አልተሰማም። ወይም የተሰማ መሰላትና የወንዙ ድምፅ ሆነባት። ሳህኑ በርዶ ይሆናል። ቢበርድ ይሞቃል፤ ባይበላም ግድ የለም፣ መጥቷል አለች ለራሷ። እንዲህ ማለቷ እሷኑ ገረማት።

ማዩሚ ባዶ ሳህኖቹን ሰብስባ ልታጥብ ከፊቷ አልፋ ወረደች። ውሃው ዳር ቁጢጥ ብላ፣ አሸዋ እየቆነጠረች ታሸው ጀመር። ኩኒኮ ከሳህኖቹ መሐል የሹሄይ የትኛው ነው ብላ ልትፈልግ ዓይኗ ሮጠ፤ ከዚህ ርቀት ሁሉም አንድ ነው።

ያኔ ከኋላዋ የድስቱ ክዳን ሲነሣ ሰማች። ጭልፋው እስከ ታች ወርዶ የድስቱን ሥር ጫረ። ጋሽ ቶኩጂ ያንኮራፋሉ። ማዩሚ እዚያ ውሃው ዳር ናት።

ኩኒኮ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ማዩሚ ቀና ብላ፣ ከእናቷ ትከሻ በላይ አንድ ነገር አየችና ፊቷ በራ፤ ወዲያው አቀርቅራ ማጠቧን ቀጠለች።

«ውሃው ይቀዘቅዛል?» አለቻት ኩኒኮ።

«ይቀዘቅዛል፣ ግን ደስ ይላል» አለች ማዩሚ።

ኩኒኮ ጫማዋን አወለቀችና፣ ከኋላዋ የሚሰማውን ፉት ፉት የሚል ድምፅ እያዳመጠች፣ እግሯን ወደ ውሃው ዘረጋች።